የኢንዓም ጉንጭ

ሆሞሻ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1893 ዓ.ም.

ይድረስ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በዓረቡ ነጋዴ በዓብዱልባሲጥ ቤት ለሚኖረው ለውድ ወንድሜ ለጀዕፈር።

ከተለያየንበት ቀን ጀምሮ እንደ ምን ሰንብተሃል? እኔ እህትህ ጣሂራ ለእመቤታችን ልጅ ምስጋና ይድረሰውና እጅግ ደኅና ነኝ። ሰዉም ከብቱም ደኅና ነው። ጌቶቻችን ከመጡ ወዲህ አገሩ ሰላም ሆኗል። የሚበድለን የለም፤ ወርቁንም በደስታ እናገባለን።

ባለቤቴ ሻዕባን የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሠራዊቱ የገባ ሰሞን፣ በድንገት ዐረፈ። ልጄ ኢንዓም ደግሞ በዚያው ሳምንት ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሸዋ ለእንግድነት ሄዳለች። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። አንተ ከአገር ስትወጣ ጀርባዬ ላይ ያየሃት ሕፃን ናት። ወርቅ ተሸክሞ የሄደው ጁምዓ አንተን በገበያ አየሁት ብሎ ስለነገረኝ ይህን ላክሁ። ካለችበት ደርሰህ ደኅንነቷን ጠይቅልኝ። እናታችን ዓኢሻ እግሯን ይዟት ከቤት አትወጣም። ጥቂት አሞሌ ጨውና መርፌ ብትልክልን መልካም ነው።

ለጌቶቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ይህን የጻፍሁት የሹሙ ጸሐፊ ነኝ። ሴትዮዋ ብዙ ተናግራ ነበር፤ የሚበቃውን ጽፌላታለሁ።

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1893 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኪ እህቴ ጣሂራ። አላህ ቤትሽን ይጠብቅ፤ እናታችንንም በእግሯ ያቁምልን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቴም አንቺን አጣሁሽ። "እጅግ ደኅና ነኝ" የምትል እህት እኔ የለችኝም። ልጆች ሆነን እንኳ ደኅና ነሽ ወይ ሲሉሽ ምን አገባህ ነበር መልስሽ። የእመቤታችንን ልጅ ማመስገን የጀመርሽውስ ከመቼ ወዲህ ነው? ሳቅኩ፤ ከዚያ ወደ ታች ሳነብ ሳቁ ጠፋ።

በአማርኛ የምጽፍልሽ ወድጄ አይደለም። በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ ለሱዳን ደርቡሽ የተላከ ነው እያሉ በየኬላው ይቀዱታል። ስለዚህ ካሣ የሚባለው ጎረቤቴ፣ ቅስና ጀምሮ የተወው ሰው፣ ፊደል አስቆጠረኝ። እኔም በለውጡ የዓብዱልባሲጥን ቴምር አበላዋለሁ። ለመናገሩ ግን ገና ነኝ። ሴቱን አንተ፣ ወንዱን አንቺ እያልኩ ገበያውን ሳስቅ እውላለሁ።

ሻዕባን በድንገት ዐረፈ የሚለውን አየሁ። ብቻዬን አለቀስኩለት። በዚያ ሰሞን ስንት ሰው በድንገት እንዳረፈ እዚህም ሰምተናል። የኢንዓምን እንግድነትም ተረድቻለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ያለ እናት፣ ያለ ስንቅ፣ የአንድ ወር መንገድ ለእንግድነት አትሄድም። ማርከው ነድተዋት ነው የሄደችው።

አንተ ይህን የምታነብላት ጸሐፊ፣ የሚበቃውን ጽፌላታለሁ ብለሃል። የሚበቃውን የምታውቀው አንተ ነህ ወይስ የወለደችው? እኔ የጻፍኩትን እንኳ አንድ ቃል ሳታስቀር አንብብላት።

እህቴ፣ እፈልጋታለሁ። ጃንሆይ ሰው እንዳይሸጥ ብለው ያስነገሩት አዋጅ አለ። ደግ አዋጅ ነው። ግን አዋጁ በሚነገርበት ሜዳና ሰው በሚሸጥበት ጓሮ መካከል ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው። እኔ አጥሩን እየዞርኩ አያለሁ። ደግሞም የኛን ሰው መለየት አይቸግረኝም። ሰባት ዓመት ከሞላት እናታችን ጉንጮቿን በጥታላት ይሆናል፤ እንደኔና እንዳንቺ በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት መስመር። በእሱ አገኛታለሁ። ከዚህ የተለየ ነገር ካለ ቶሎ አስጽፊልኝ።

አሞሌውንና መርፌውን ጁምዓ ይዞልሻል።

ወንድምሽ ጀዕፈር

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 20 ቀን 1893 ዓ.ም.

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን እህቴ።

አምስት ወር ተኩል ሆነው፣ መልስ የለም። ጁምዓ ወርቅ ይዞ ተመልሶ ሲመጣ ያዝኩት። ጨውና መርፌውን በእጇ ሰጥቻለሁ፣ ደብዳቤውን ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አያውቅም። ታመሽ እንደሆነ፣ ተቀይመሽኝ እንደሆነ፣ ምንም ቢሆን ንገሪኝ።

ይህን በሹሙ በኩል አልላክሁትም። ቀናው ለሚባል ሰው ሰጥቼዋለሁ። የመተከል ሺናሻ ነው፤ ክርስቲያን ነው፤ ለዓብዱልባሲጥ ማርና ሰም ያመጣል። ዳዊት የደገመ ስለሆነ ማንበብም መጻፍም ይችላል። ክረምቱ ሲወጣ ዓባይን ተሻግሮ ወደናንተ ይወርዳል። በሰውየው ተማመኝ። ቀልደኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

ፍለጋዬን ልንገርሽ። ሴቶች ውኃ የሚቀዱበትን ወንዝ ሁሉ አዳረስኩ። የዓብዱልባሲጥን ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሻጭ መስዬ በየጌታው ግቢ ገባሁ። አንዱ ቤት ውሻ ለቀቁብኝና ሱሪዬን ወሰደው፤ እግሬን ተወልኝ። የቤንሻንጉል ሴቶች ልጆች ሦስት አገኘሁ። ሦስቱም ተበጥተዋል። አንዷ የዱል ተራራ ልጅ ናት፣ ሁለቱ ከባምባሲ ወዲያ ናቸው። የእናቶቻቸውን ስም አስይዘውኝ አለቀሱ። የሦስቱንም ስም ለቀናው ነግሬዋለሁ፣ በመንገዱ ይጠይቅላቸዋል። ኢንዓም ግን የለችም።

አራተኛዋ ላይ ተሞኝቼ ነበር። ከቀበና ወንዝ ማዶ አንድ ሻለቃ ቤት የምታገለግል ናት፣ ጸሐይ ይሏታል። ዕድሜዋ ልክ ነው። እንስራዋን ስታወርድ በቋንቋችን "ከበደኝ" ያለች መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳያት ጉንጯ ንጹሕ ነው፣ አንዲት ጭረት የለበትም። ቃሉን ከኛ ልጆች ለቅማው ይሆናል ብዬ ተውኳት። የሰው ልጅ የኔ ናት ብል አላህ አይወደውም።

አልደከመኝም። ክረምቱ ከወጣ ወደ እንጦጦ ወገን ያሉትን ቤቶች እጀምራለሁ።

ወንድምሽ ጀዕፈር

ሆሞሻ፣ ኅዳር 25 ቀን 1894 ዓ.ም.

ጀዕፈር ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ፊትህን ያሳየኝ።

ቀናውን ከአፌ እንደወጣ ጻፍ ብዬ አስምዬዋለሁ። አንድ ቃል ቢያስቀር ማሩን ይዞ ይመለሳል፣ ከዚህ መንደር የሚገዛው የለም። እሺ ብሎ ተቀምጧል።

አልተቀየምሁህም። የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ጸሐፊው ጀምሮልኝ ነበር። ቴምር አበላዋለሁ ያልኸው ድረስ ሰማሁ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ለብቻው ወደ ታች አነበበ፣ ተነሣና እሳት ውስጥ ከተተው። "ወንድምሽ ደኅና ነው፤ ሌላ ቁም ነገር የለውም" አለኝ። ሁለተኛ ሊጽፍልኝ ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ወረቀት የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

አሁን ቀናው የሰጠኸውን ሲያነብልኝ "ጉንጯ ንጹሕ ነው" ካለው ቦታ ደረሰ። ተነሥቼ ወጣሁ። ወንዙ ድረስ ሄጄ ነው የተመለስሁት።

እሷ ናት ጀዕፈር። ኢንዓም አልተበጣችም።

ኢቲዳልን ታስታውሳለህ፣ የመጀመሪያ ልጄን፤ ስትወጣ እግርህን ይዛ አለቅም ያለችህን። በወባ ሞተች ብለን ነበር የላክንብህ። ውሸት ነው። ሰባት ሲሞላት እናታችን በጣቻት። የመንደሩን ልጅ ሁሉ የበጣችው እሷ ናት፣ እጇ ስቶ አያውቅም። ያን ዓመት ግን ዓይኗ ደክሞ ነበር። ዘንድሮስ ለሌላ ተዪው ብላት አሻፈረኝ አለች። ቁስሉ መግል ያዘ። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ተደፈኑ። በዘጠነኛው ቀን እቅፌ ውስጥ ሞተችብኝ። እናትህን እንዳትጠላ ብለን ወባ አልንህ።

ኢንዓም ሰባት ሲሞላት እናታችን እንደገና ምላጯን አዘጋጀች። ከእጇ ቀምቼ ወንዝ ወረወርሁት። መንደሩ ሁሉ ፊት ነሳኝ። ነገ የማን ልጅ ናት ብለው ሲጠይቋት ምን ልታሳይ ነው አሉኝ። ወር አልሞላም፣ ወታደሮቹ መጡ። ወርቅ ልናጥብ ወንዝ ወርደን ነበር። ሻዕባን ጦሩን ይዞ ከፊታቸው ቆመ፤ እዚያው ጣሉት። ኢንዓምን ፈረስ ላይ ሲያወጧት ስሜን እየጠራች ነበር። እማዬ አላለችም፤ ጣሂራ፣ ጣሂራ ነበር የምትለው፤ ብዙ እናቶች እየተጠሩ ስለነበር ይመስለኛል።

ስለ አገሩ ከጠየቅኸኝ ወርቁ በደስታ አይገባም። የተቆረጠብን እስኪሞላ ወገባችን እስኪጎብጥ እናጥባለን፤ ሲሞላ ደግሞ ለመጪው ይጨምሩታል። አሁን ደግሞ ፈረንጆች መጥተው በሦስት እግር እንጨት ላይ መነጽር አስቀምጠው ተራራ ሲያዩ ይውላሉ። ድንበር ሊያወጡ ነው ይባላል። የአክስታችን ማሳ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ አገር ሊሆን ነው፤ እሷ አልሰማችም፣ እያረመች ነው። እነሱ አገሩን ሲበጡት ማንም አይቆጣም።

ጨውም መርፌም አልፈልግም። ሂድና ልጄን ያዝልኝ።

እህትህ ጣሂራ

ቀናው ነኝ። እንዳለችው ጽፌያለሁ። ማሩን ገዝታኛለች።

አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 1894 ዓ.ም.

እህቴ ጣሂራ፣ አላህ ትዕግሥት ይስጠን።

ስለ ኢቲዳል ያስጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እናታችን ላይ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ራሴ ላይ ተቆጣሁ። ልጅቱን ክንዴ በሚደርስበት ርቀት አይቼ ትቻት ሄድኩ። ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ሌላ አጥር ስዞር እሷ ቀበና ላይ ውኃ ትቀዳ ነበር። ይህንን ለራሴ ይቅር የምለው አይደለም።

አሁንም እዚያው ናት። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ወንዝ ዳር ጠበቅኋትና በቋንቋችን "እናትሽ ጣሂራ ልካኝ ነው" አልኳት። እንስራዋን እንዳዘለች ቆመች። "እናት የለኝም" አለችኝ፣ በአማርኛ። ሄደች። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው እንስራዋን አወረደችና ፊት ለፊት አየችኝ። ቁጣዋ ያንቺ ነው፤ ሌላ ምልክት አያስፈልገኝም ነበር።

"እዚህ ያሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ጉንጫቸው ላይ አለ" አለችኝ። "እናቶቻቸው የኛ ናቸው ብለው በጥተዋቸዋል። እኔን ግን አልበጣችኝም። ለሰው ልትሰጠኝ ስለነበር ነው።"

አራት ዓመት ይህን ስታስብ ኖራለች ጣሂራ። የኢቲዳልን ነገር ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ይህ ካንቺ መምጣት ያለበት ነገር ነው።

ሻለቃውን ከሰስኩት። ካሣ አቤቱታውን አሳምሮ ጻፈልኝ፤ እኔ ሽንጤን ገትሬ ቆምኩ። ሻለቃው ችሎት ላይ ምን አለ መሰለሽ? "የቤንሻንጉል ሰው በጉንጩ ይታወቃል። ይህ ከሳሽ እንኳ ይኸው ጉንጩ። ይቺ ምን አላት? እቤቴ የተወለደች ናት" አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ በዚያው ነገር ስምንት ወር የተሞኘሁ ሰው ነኝና ልመልስለት እንኳ አፈርኩ። ከዚያ ግን አዋጁን አነሳሁ፣ የተነዳችበትን ዓመት ጠራሁ፣ የአባቷን ሞት ተናገርኩ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በመጨረሻ ገለጡና ፈረዱ። እናቲቱ ራሷ ትምጣ። ልጅቱን ሳታይ ከገላዋ ያለውን ምልክት ትናገር። ቀጠሮው የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው። ያን ቀን ካልተገኘች ልጅቱ ለሻለቃው ትረጋለች።

ዓብዱልባሲጥ ከሹማምንት ጋር አታጣላኝ ብሎ ከቤቱ አስወጣኝ። አልፈርድበትም፣ እሱም የሰው አገር ሰው ነው። አሁን ካሣና እናቱ እማማ አረጋሽ ዘንድ ነኝ፤ እንጨት እየፈለጥኩ እበላለሁ።

ጁምዓ ይህን በእጅሽ ይሰጥሻል። አነብላታለሁ የሚል ጸሐፊ ቢመጣ እምቢ በይው። ቀናው እስኪደርስ ጠብቂ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ለሴት ብቻዋን አይሆንም፣ ግን ነይ።

ወንድምሽ ጀዕፈር

ሆሞሻ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1894 ዓ.ም.

ወንድሜ ጀዕፈር፣ አላህ ጽናቱን ይስጥህ። ሐዘን ልነግርህ ነው።

እናታችን ዓኢሻ ባለፈው ዓርብ ዐረፈች። ደብዳቤህ የደረሰኝ መጋቢት መባቻ ላይ ነበር። ቀናው ገና አንብቦ ሳይጨርስ ልነሣ ወገቤን ታጥቄ ነበር። እሷ ግን ከመኝታዋ መነሣት አቅቷት ነበር፣ ውኃም በእጄ ነው የምትጠጣው። ሂጂ አለችኝ። ሰዉም እኔ እይዛታለሁ፣ ሂጂ አለኝ። አልሄድሁም። ጠልቻት ነበር ጀዕፈር፣ አልዋሽህም። ከኢቲዳል ወዲህ ከአንድ ገበታ እየበላን የልጅቱን ስም አንድ ቀን አላነሣንም። ቢሆንም እናቴን በሰው እጅ ትቼ ልጄን ፍለጋ ብሄድ ከዚያ ወዲህ ማንም እናት ነሽ ቢለኝ አላምነውም ነበር። ሠላሳ አንድ ቀን አስታመምኋት።

በሞተችበት ቀን ጧት እጄን ያዘችኝ። "ምላጩን ወንዝ የጣልሽው ደግ አደረግሽ" አለችኝ። አራት ዓመት ስጠብቀው የኖርሁት ቃል ነው። ሲመጣ ግን አልጣፈጠኝም፤ አለቀስሁ እንጂ። በሽማግሌዎች ፊት የኢንዓምን ነገር ተናዝዛለች፤ ያልተበጣችው በምን ምክንያት እንደሆነ አራት ሰው ሰምቷል። ቀናው ስማቸውን በሌላ ወረቀት ጽፎታል። ለዳኛው አሳይ።

የገላዋን ምልክት ይኸው፤ ቀድመህ ለዳኛው አስነብብ፣ ስደርስ ደግሞ በአፌ እደግመዋለሁ። ከግራ ጉልበቷ በስተኋላ የጣት እርዝመት ያለው የእሳት ጠባሳ አለ። ሁለት ዓመቷ ሳለ ፍም ላይ ተቀምጣ ነው። በቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት ከጎኗ ካለው ጋር እስከ ግማሽ ድረስ ተያይዛለች፤ የአባቷም እንዲሁ ነበረች።

ሹሙ ያለ ፈቃዴ አትወጪም ብሏል። ሰምቻለሁ። ቀናውና ጓደኞቹ ከነገ ወዲያ ይነሣሉ፤ እኔም አብሬ ነኝ። ማሳውን ለሻዕባን እህት ለሰዕዲያ ሰጥቻታለሁ፤ እንደ ወንድ ነው የምታርስ። ጁምዓ ከወርቁ ጋር በበቅሎ ይቀድመናል፣ ይህን ይሰጥሃል። ቀናው በቀን ምን ያህል ትሄጃለሽ ቢለኝ ካንተ አህያ አላንስም አልሁት። እስከ ለቀምት እንያት ብሏል።

ከዚህ በታች ያለውን ለኢንዓም በቋንቋችን አንብብላት። ካሣ አይንገራት፣ አንተ ንገራት።

ልጄ ኢንዓም፣ ታላቅ እህት ነበረችሽ። ኢቲዳል ትባላለች። አያትሽ ጉንጯን በጣቻት፤ ቁስሉ መርዞ በዘጠኝ ቀኑ ገደላት። ሰባት ዓመቷ ነበር። አንቺን ያልበጣሁሽ እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው። በዚህ መንደሩ ሰደበኝ፣ አያትሽ አኮረፈችኝ፣ አንቺንም የማን ናት አሉሽ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት፣ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። ለማንም አልሰጠሁሽም። ቀምተውኝ ነው። አባትሽ ሲከላከልልሽ ሞቷል። ስሜን ስትጠሪ ሰምቼሻለሁ፣ እስከ ኮረብታው ድረስ ተከትዬሽ ሮጫለሁ፤ ፈረሱ ቀደመኝ። አሁን በእግሬ እየመጣሁ ነው። ላይሽ አልፈልግም ብትይ መብትሽ ነው። አይቼሽ እመለሳለሁ። ሳላይሽ ግን አልመለስም።

እናትሽ ጣሂራ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 9 ቀን 1894 ዓ.ም.

ይድረስ በለቀምት ኬላ፣ በጨው ነጋዴው በማህጁብ እጅ፤ ከቀናው ጋር ለምትመጣው ለእህቴ ለጣሂራ።

የመንገዱን ድካም አላህ ያቅልልሽ። ለእናታችን ምሕረቱን ያውርድላት። እዚህ ሦስት ቀን ተቀመጥኩላት። እማማ አረጋሽ ክርስቲያን ሆና ሳለች ከጎኔ አልተነሣችም። እናታችንን ይቅር ለማለት ቦታ ስፈልግ ነበር፤ አንቺ ካስታመምሻት እኔ የምይዘው ቂም የለኝም።

ጁምዓ ደብዳቤሽን እንደሰጠኝ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ለኢንዓም ሁሉንም አነበብኩላት፣ በቋንቋችን፣ ቃል ሳላስቀር። እንስራዋ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠችኝ። "ኢቲዳል ስንት ዓመቷ ነበር?" አለች። ሰባት አልኳት። "እኔም ሰባት ነበርኩ" አለች። ውኃዋን ቀድታ ወጣች። እኔ ተስፋ ቆርጬ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ዳኛው ምልክቱን አስነበቡ። ሁለት ባልቴቶች ልጅቱን ወደ ጓዳ አስገብተው አዩ። ጠባሳው አለ። ጣቷም እንዳልሽው ነው። ሻለቃው ግን ገረድ ለገረድ ሲያወሩ የሰሙት ነው ብሎ ተከራከረ። ያን ጊዜ ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ? እናትሽን ብታያት ታውቂያታለሽ?" አሏት።

"ፊቷ ጠፍቶብኛል" አለች። ሻለቃው ፈገግ አለ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። "ድምጿን አውቀዋለሁ። ይህን ጉንጬን ያተረፈችልኝም እሷ ናት። እቤቱ ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ከየትኛው ምላጭ ነበር የምታስጥለኝ?" አለች።

ዳኛው እንዲህ ብለው ወሰኑ። ከዛሬ ጀምሮ ልጅቱ ወደ ሻለቃው ቤት አትመለስም። እናቲቱ እስክትደርስ እማማ አረጋሽ ዘንድ በአደራ ትቀመጥ። በሰኔ ሚካኤል እናቲቱ ቀርባ በአፏ ትናገርና ትረከባት። ሻለቃው ተነሥቶ ወጣ፤ ሲወጣ ገፍትሮኝ ነው ያለፈው። ደስ ብሎኝ ተገፈተርኩ።

ስለዚህ የቀረው አንቺ ነሽ። ዛሬ ግንቦት ዘጠኝ ነው፤ የቀናው ጓዝ በየገበያው እየቆመ ስለሚመጣ ይህ ለቀምት ላይ ይደርስሻል ብዬ ነው። ከለቀምት እዚህ የሁለት ሳምንት መንገድ ነው፤ ዝናቡ ከቀደመሽ ወንዞቹ ያቆሙሻል። አትረፊ። እግርሽ ካበጠ የቀናው አህያ ላይ ውጪ፤ ማሩ ይፍሰስ፣ እኔ እከፍለዋለሁ በይው። አስቀድሜ ያገኘኋቸውን ሦስቱን ልጆችም አልተውኳቸውም። የአንዷ አባት መገኘቱን ቀናው ልኮልኛል። ያንቺን ጨርሰን የእሷን እንጀምራለን፤ አሁን ዳኛው መልኬን ያውቁታል።

ኢንዓም አጠገቤ ናት። ብዙ ትበላለች፤ እማማ አረጋሽ ይህ ደስ ይላታል። ቋንቋችን ቃል በቃል እየተመለሰላት ነው፤ መጀመሪያ የተመለሱላት ስድቦቹ ናቸው፤ ካንቺ እንደሰማቻቸው አልጠራጠርም። ትናንት እንጨት ስፈልጥ መጥታ ቆመችና "ስትመጣ ማን ብላ ነው የምትጠራኝ?" አለችኝ። "ኢንዓም ነዋ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጸሐይ ብሎ የሚጠራት ሰው መልስ አያገኝም።

ወንድምሽ ጀዕፈር